የጆሮዬ ችግር ምንጭ ከአንገቴ ሲገኝ

በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ማስተማር ከጀመርሁ 22 ዓመት ሆኖኛል፤ የመስማት ችግሬን ቀድመው ያወቁትም ተማሪዎቼ ናቸው። ከኋላ ወንበር የሚመልስልኝን ልጅ ሁለት ሦስት ጊዜ «ድገመው» እያልሁ፣ «ፈላ» እና «ሰላ»ን የመሳሰሉ በአንድ ድምፅ ብቻ የሚለያዩ ቃላት እየተምታቱብኝ ሲሄዱ፣ ልጆቹ ሆን ብለው የሚያንሾካሽኩ መስሎኝ ስቆጣ ከረምሁ። ሌሊት ጆሮዬ ውስጥ የሚጮኸውን ደግሞ ከድካም ቆጠርሁት።

ድካሙስ እውነት ነበር። በሚያዝያ ሙቀት ሳይቀር ጋቢ ደርቤ እቀመጣለሁ፤ ቆዳዬ ደርቋል፣ ድምፄ ጎርንኗል፣ አበላሌ ሳይለወጥ ክብደቴ ጨምሯል። ሁሉንም በ47 ዓመት ዕድሜዬ አመካኘሁ።

መጀመሪያ የሄድሁበት ክሊኒክ ኩክ አውጥቶልኝ ሸኘኝ፤ ለውጥ አላየሁም። ቀጥሎ ያየችኝ የጆሮ ሐኪም የመስማት ልኬት አሠራችልኝ። ጤናማ ጆሮ እስከ 25 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ባለው መጠን መስማት ሲገባው፣ የኔዎቹ ሁለቱም ወፍራሙን ድምፅ በ35፣ ቀጭኑን (በ4,000 ሄርዝ) በ45 ዴሲቤል ነበር የሚሰሙት። የታምቡሩ ግፊት ጤናማ ስለነበረ ችግሩ ወደ ውስጠኛው ጆሮ ወይም ወደ ነርቩ አመለከተ። ሐኪሟ የጎረነነውን ድምፄን ልብ ብላ «ብርድ ብርድ ይልዎታል?» ብላ ስትጠይቀኝ ነው ነገሩ የተገለጠው። በደም ምርመራው፣ ቲኤስኤች የሚባለው የታይሮይድ ዕጢን የሚቀሰቅስ ሆርሞን፣ ከ4 እምብዛም ማለፍ ሲገባው ሳይሆን፣ 38 ሆኖ ተገኘ።

እኔ የታይሮይድ ሕመም ሲባል የማውቀው እንቅርትን ነበር፤ አንገቴ ላይ እብጠት ስላልነበረ ለማመን ተቸገርሁ። ሐኪሟ እንዳስረዳችኝ፣ አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሲደክም አንጎል ሥር ያለው ሌላ ዕጢ እርሱን ለመቀስቀስ ቲኤስኤችን ያበዛል፤ ታይሮይዱ ራሱ የሚያመነጨው ሆርሞን ሲያንስ ደግሞ የሰውነት ሥራ ሁሉ ይቀዘቅዛል፣ ያለማቋረጥ ኃይል የሚፈልገው ውስጠኛው ጆሮም ሊጎዳ ይችላል። የኔ ዕጢ የተዳከመው የገዛ ሰውነቴ መከላከያ ስላጠቃው በመሆኑ፣ አዮዲን ያለበት ጨው ልጨምር ማለቴን አልተቀበለችውም።

የጎደለውን የታይሮይድ ሆርሞን የሚተካ ሌቮታይሮክሲን የሚባል ክኒን በባዶ ሆድ እንድወስድ ታዘዘልኝ። የሠራሁት ትልቁ ስሕተት እዚህ ላይ ነው፤ ቡና ምግብ አይደለም ብዬ ክኒኑን ከጠዋቱ ቡና ጋር፣ ያውም ለደም ማነስ ከምወስደው የብረት ክኒን ጋር አብሬ እውጠው ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ቲኤስኤች ገና 21 ላይ ነበር፤ ሐኪሟ መጠኑን ልትጨምር ስትል፣ እንዴት እንደምወስደው የጠየቀኝ ፋርማሲስቱ ነው። ቡናውም ብረቱም መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያውካሉ። ከዚያ ወዲህ ክኒኑን ከሌሊቱ 11 ሰዓት በውሃ ብቻ እወስዳለሁ፣ ቡናው ከአንድ ሰዓት በኋላ ይመጣል፣ የብረቱ ክኒን ወደ ምሳ ሰዓት ተዛውሯል። በዐቢይ ጾም ግን ውሃም እስከ 9 ሰዓት ስለማልቀምስ፣ ከሐኪሟ ጋር ተመካክሬ ከራት ሦስት ሰዓት ቆይቼ ስተኛ እወስደዋለሁ።

በስድስተኛው ወር ቲኤስኤች 3 ገደማ ሆነ። ጋቢው ወደ ሳጥኑ ተመለሰ፤ ጩኸቱም ቀነሰ። በድጋሚው ልኬት ወፍራሙ ድምፅ ወደ 25 ሲመለስ ቀጭኑ 40 ላይ ቀረ። በእውነት አዘንሁ፤ ክኒኑ ሁሉንም ይመልሳል ብዬ ነበርና። ሐኪሟ ግን ታይሮይዳቸው ደክሞ መስማታቸው ያልተነካ ብዙ ሰዎች እንዳሉ፣ የተረፈው ጉድለቴም የዕድሜ ወይም የማይመለስ ጉዳት ሊሆን እንደሚችል ሳትሸሽግ ነገረችኝ። ይህን መለየት የተቻለው መድኃኒቱን ከመጀመሬ በፊት የተሠራው ልኬት በእጄ ስለነበረ ነው፤ በኔ ቦታ ያለ ሰው ያንን ወረቀት አስቀድሞ እንዲይዝ እመክራለሁ። በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ በድንገት መስማት ያቆመ ጆሮ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያ የዚያኑ ዕለት ሐኪም ዘንድ የሚያስሮጥ ነው።

አሁን ከሰሌዳው ሥር መቆሜን ትቼ በወንበሮቹ መካከል እየተዘዋወርሁ አስተምራለሁ፤ የመስማት መርጃ መሣሪያ ለመለካትም ለመጪው መስከረም ቀጠሮ ይዣለሁ።