የንጉሤ ዓይን ሲደፈርስ

ልጄ ትምህርት ቤት ሄዷል። የታጠበ ልብሱን ላስቀምጥ ክፍሉ ገባሁና ወደ መስታወት ሳጥኑ ዞር ስል ደነገጥኩ። የንጉሤ ዓይን ተለውጧል። ጥቁርና የሚያብረቀርቅ የነበረው ዓይን ወተት የገባበት ይመስል ሰማያዊ ነጭ ሆኗል። ቆዳው ደብዝዟል። ሆዱ ወደ ሮዝ አድልቷል። ታወረ ብዬ ነበር ያሰብኩት።

ንጉሤ እባብ ነው። ዝርያው ቦል ፓይተን ይባላል። ትንሽ ዘንዶ ነው፣ መርዝ የለውም። ሲፈራ ጭንቅላቱን መሃል ደብቆ እንደ ኳስ ስለሚጠቀለል ነው ይህ ስም የወጣለት። እንግሊዞች ደግሞ የንጉሥ ዘንዶ ይሉታል። ልጄ ይህን ሲያነብ «በቃ፣ ንጉሤ ነዋ!» አለ፤ ስሙ በዚያው ጸና። ሁለት ዓመት ሙሉ ለምኖኝ፣ 13 ዓመት ሲሞላው ነው እሺ ያልኩት።

እሺ ማለቱ ቀላል አልነበረም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ሲባል ሰምቼ ነው ያደግኩት። እናቴ ደብረ ብርሃን ሆና በስልክ ስትሰማ «ምነው ልጄ! ሰው እባብ ቤቱ ያስገባል?» ብላ ጸበል እንድረጭ አዘዘችኝ። እኔም መጀመሪያ ላይ ከበሩ አላልፍም ነበር። ግን ይህ እንስሳ በደንብ ከተያዘ 20 እና 30 ዓመት ይኖራል። ልጄ ለኮሌጅ ከቤት ሲወጣ እኔው ጋር ሊቀር ይችላል። ስለዚህ አያያዙን ልማር ብዬ ቆረጥኩ።

ያን ቀን ማታ ልጄ መጥቶ «እማዬ፣ ቆዳውን ሊለውጥ ነው፣ አይዞሽ» አለኝ። ይህን ያህሉን ያውቅ ነበር። ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚደረግ ግን ሁለታችንም አናውቅም። እንደ ወትሮው አይጥ አቀረብንለት፤ እምቢ አለ። በነጋታው ልጄ ሊያቅፈው እጁን ሲሰድ ያ የዋህ እባብ እፍ ብሎ ተወረወረበት። አልነከሰውም። ልጄ ግን «ጠላኝ» ብሎ አለቀሰ።

አልጠላውም። እባብ የሚከደን የዓይን ቆብ የለውም። ዓይኑን የሚሸፍነው እንደ መነጽር ጥርት ያለ ቅርፊት ነው፤ እሱም ከቆዳው ጋር አብሮ ይወልቃል። አዲሱ ቆዳ ከሥር ተሠርቶ ሲያልቅ በአሮጌውና በአዲሱ መሃል ፈሳሽ ይገባል። ዓይኑን የሚያደፈርሰው ይኸው ፈሳሽ ነው። በዚያ ሰሞን እባቡ አጥርቶ አያይም። አጥርቶ ለማያይ ፍጥረት ደግሞ ከላይ የሚመጣ እጅ የጭልፊት ጥፍር ማለት ነው። ከሥር ያለው አዲስ ቆዳም ገና ለጋ ስለሆነ ሲይዙት ይጎዳል። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ልጄን «ለአሥር ቀን ተወው» እለው ነበር።

ትልቁን ስህተት የሠራሁት እኔ ነኝ። ቆዳው መውለቅ ሲጀምር ቁርጥራጭ ሆኖ ወጣ። እዚህም እዚያም እንደ ደረቀ ልጣጭ ተጣብቆ ቀረ። አሳዘነኝ። እፎይ የሚል መስሎኝ፣ ፍርሃቴን ዋጥ አድርጌ ይዤው በጣቴ ላጥኩለት። ያ እጄን ያስለመደኝ የመጀመሪያው ቀን ነበር፤ ለእሱ ግን ክፉ ቀን ነበር። ከግራ ዓይኑ ላይ አሮጌው ሽፋን አልወረደም። ጭራው ጫፍ ላይም የቆዳ ቀለበት ተጣብቆ ቀረ። ልጄ ዓይኑ ላይ ያለውን በቲሸርቱ ጫፍ ሊያነሳው ሲል እግዚአብሔር ይስጣት፣ እህቴ ደውላ «ሐኪም ሳታማክሩ ዓይን እንዳትነኩ» አለችን።

የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። ሐኪሟ ንጉሤን ሳትነካው በፊት አንድ ነገር ጠየቀችን። «ሳጥኑ ውስጥ ያለው እርጥበት ስንት ነው?» ዝም አልን። መለኪያ አልነበረንም። ዕቃውን የሸጠልን ሰው መብራቱንና ሳጥኑን እንጂ ስለ እርጥበት ቃል አልተነፈሰም።

ዓይኑ ላይ የቀረውን በወረንጦ ማንሳት ከሥር ያለውን አዲሱን ሽፋን ሊያበላሸው እንደሚችል ነገረችን። እርጥበቱ ከተስተካከለ ብዙውን ጊዜ በሚቀጥለው ለውጥ አብሮ ይወርዳል። የጭራውን ግን አትተዉት አለች። የደረቀ ቀለበት የደም ዝውውር ያግዳል፤ የጭራው ጫፍ ሊሞት ይችላል። ለብ ባለ ውሃ የራሰ ፎጣ ውስጥ ለ20 ደቂቃ ራሱ እንዲሳብ አደረገችው፤ ከዚያ በራሰ ጥጥ ቀስ እያለች አሽታ አወለቀችለት። እኛ በጉልበት ያቃተን በውሃ ወጣ።

ቤት ስንመለስ የገዛነው መለኪያ 21 በመቶ አሳየ። ቦል ፓይተን በዘወትር ከ55 እስከ 60 በመቶ፣ ቆዳ ሲለውጥ እስከ 70 በመቶ ያስፈልገዋል። እኛ ያለነው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው፤ ከ1,600 ሜትር በላይ፣ ከንፈር የሚሰነጥቅ ደረቅ አየር። በብርዱ ወራት ደግሞ የቤቱ ማሞቂያ ሌት ተቀን ይሠራል። የሳጥኑ ክዳን ወንፊት ነው፤ ከላዩ መብራት ይነዳል። ያለችውን ጥቂት እርጥበት ወደ ላይ ይመጥጣታል።

ነገሩ የገባኝ ግን ከቁጥሩ ይልቅ አንዲት ቃል ስሰማ ነው። ልጄ የዚህ ዘር አገር ጋና፣ ቶጎ፣ ቤኒን እንደሆነ አነበበልኝ። ቀኑን የሚውለው በአይጥ ጉድጓድና በምስጥ ኩይሳ ውስጥ ነው አለኝ። ኩይሳ! ልጅ ሆነን «ኩይሳ አጠገብ አትጫወቱ፣ እባብ አለበት» እንባል ነበር። እጅ ከትተን አናውቅም እንጂ፣ ከውጭ ፀሐይ ያነደደው ኩይሳ ሲፈርስ ውስጡ ቀዝቃዛና እርጥብ እንደነበር አስታውሳለሁ። ለንጉሤ የጎደለው መድኃኒት አይደለም። ኩይሳ ነው።

ስለዚህ ኩይሳ ሠራንለት። ክዳን ያለው የምግብ ማስቀመጫ ፕላስቲክ ወስደን በጎኑ ቀዳዳ አወጣን፤ እንዳይቧጭረው ጠርዙን በአሸዋ ወረቀት አለሰለስን። ውስጡን በውሃ አርሰን በደንብ የጨመቅነው ስፋግነም ሞስ የሚባል እርጥበት የሚይዝ ለስላሳ ዕፅ ሞላንበት። የወንፊቱን ክዳን ለአየር ቦታ ትተን፣ ከመብራቱም አርቀን አብዛኛውን በፎይል ሸፈንነው። የእንጨት ፍቅፋቂውን አውጥተን እርጥበት የሚይዝ የኮኮናት ቃጫ አነጠፍን። የውሃ ሳህኑን በሰፊ ለወጥን። ሙቀቱን በቴርሞስታት፣ ማለትም በሙቀት መቆጣጠሪያ፣ አሰርነው፤ ሞቃቱ ጎን 32 ዲግሪ፣ ቀዝቃዛው 26። አንድ ሸካራ ድንጋይም አስገባን። ቆዳውን ማውለቅ የሚጀምረው አፍንጫውን ሸካራ ነገር ላይ እያሻሸ ነውና።

እዚህ ላይ ልጠንቀቅ። እርጥበት ማለት ጭቃ ማለት አይደለም። እባብ የራሰ ወለል ላይ ቀን ከሌት ከተኛ ሆዱ ይቆስላል፣ ሳንባውም ይታመማል። አየሩ ይርጠብ፣ ወለሉ ይድረቅ። ሞሱን በየጥቂት ቀኑ አሸታለሁ፤ የሻገተ ከሸተተኝ እጥለዋለሁ።

ሁለተኛው ለውጥ ከስድስት ሳምንት በኋላ መጣ። ልጅ እባብ ቶሎ ስለሚያድግ ቶሎ ቶሎ ይለውጣል፤ አዋቂው በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ዓይኑ ደፈረሰ፣ ተውነው። በአምስተኛው ቀን ዓይኑ ጠራ። ያለፈለት መስሎኝ የሠራንለትን ኩይሳ አወጣሁ። ተሳስቻለሁ። ዓይኑ የሚጠራው ፈሳሹ ተመልሶ ስለሚመጠጥ ነው፤ ቆዳው የሚወልቀው ግን ከዚያ ከሦስት ወይም ከአራት ቀን በኋላ ነው። እርጥበት አጥብቆ የሚያስፈልገው በእነዚያው ቀናት ነው። ቆዳው ወገቡ ላይ ለሁለት ተቆርጦ ወጣ። ደስ ያለኝ ነገር ቢኖር የግራ ዓይኑ ነው። ከወለቀው ቆዳ ላይ ሁለት ሽፋን ተደራርቦ አገኘን፤ ያለፈውና የአሁኑ።

አሁን ማስታወሻ ደብተር አለን። ዓይኑ የደፈረሰበት፣ የጠራበት፣ ቆዳው የወለቀበት ቀን ይጻፋል። ሲደፈርስ ምግብ አናቀርብም፤ ጥቂት ቀን ቢጾም አይጎዳም። በሩ ላይ ወረቀት እንለጥፋለን፣ የልጄ ጓደኞች እንዳይነኩት። ውሃ ስንቀይር ብቻ እንገባለን። ዕቃውን ከነካን ደግሞ እጃችንን በሳሙና እንታጠባለን፤ እንደ ንጉሤ ያሉ እንስሳት ደህና ሆነውም ሳልሞኔላ የሚባል ሰውን የሚያሳምም ባክቴሪያ ይዘው ሊኖሩ ይችላሉ።

ሦስተኛው ለውጥ ሌሊት አለፈ። ጠዋት ልጄ «እማዬ ነይ! ነይ!» ብሎ ጠራኝ። ከአፍንጫ እስከ ጭራ ጫፍ አንድ ወጥ ቆዳ፣ እንደ ካልሲ ተገልብጦ፣ ድንጋዩ ሥር ተዘርግቷል። መስኮት ጋ ወስደን ለብርሃን ያዝነው። ሁለቱም የዓይን ሽፋኖች አሉ፤ ክብ፣ ጥርት ያሉ። የጭራውም ጫፍ አለ። ልጄ በሜትር ለካው፣ 97 ሳንቲ ሜትር። ቆዳው ሲወልቅ ስለሚለጠጥ ንጉሤ ራሱ ከዚያ ያጥራል። እሱ ደግሞ ጥቁርና ቡናማው እንደ አዲስ የተቀባ ሆኖ ከኩይሳው አፍ ላይ ምላሱን እያወጣ ያየናል።

እሑድ እናቴ ደወለች። ከሰላምታ በኋላ ትንሽ ዝም ብላ «ያ ንጉሤ እንዴት ነው? ልብሱን ለወጠ?» አለችኝ። ስልኩን ወደ ግድግዳው አዞርኩላት፤ ልጄ ቆዳውን ካርቶን ላይ ለጥፎ ሰቅሎታል። ጠጋ ብላ አየችው።

«ነጠላ ይመስላል» አለች።