ሽቦው ያለውን ቀለም ነው የሚሰጥህ

የአርቲስት ኤልያስ ስሜን ስራ በስልክ ብቻ ላያችሁ ሰዎች መጀመሪያ አንድ ነገር ልበል፣ ፎቶው ግማሹንም አያሳያችሁም። ከሩቅ ስታዩት ከአውሮፕላን መስኮት የታየ እርሻ ይመስላል፣ ጠጋ ስትሉ ግን የኮምፒውተር ማዘርቦርድ ነው፣ የኪቦርድ ቁልፍ ነው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሽቦ ነው፣ ቀጫጭን ባለ ቀለም የኤሌክትሪክ ሽቦ ተጎንጉኖ ጎን ለጎን እንጨት ላይ ተመቶ። «ታይትሮፕ» የሚባለው ተከታታይ ስራው ማለቴ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ቀለሙ ነው። ሰዓሊ ሰማያዊ ሲያንሰው ቱቦውን ይጨምቃል፣ ሲጠቁርበት ነጭ ጣል ያደርግበታል፣ አለቀ። ሽቦ ላይ እንደዛ የለም። ቀዩ ፋብሪካው የወሰነው ቀይ ነው፣ ኤልያስ ደግሞ በላዩ ቀለም አይቀባም፣ ስለዚህ ሰፊ ሰማያዊ ከፈለገ ያን ያህል ሰማያዊ ሽቦ እስኪጠራቀም መጠበቅ ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ ያሉት ያገለገለ ዕቃ ነጋዴዎች፣ ከነሱ በፊት ሰፈር ለሰፈር ሲጮህ የዋለው ቆራሌው፣ ከሱም በፊት የተበላሸ ሬዲዮውን አውጥቶ የሸጠው ሰውዬ፣ ሁሉም ሳያውቁት ስዕሉ ውስጥ አሉበት። ሽቦው ራሱም ጠባይ አለው፣ ቀጭኑ ጠባብ ኩርባ ይታጠፍልሃል፣ ወፍራሙ እምቢ ብሎ ይመለሳል፣ ሰርኪት ቦርዱ ደግሞ አራት ማዕዘን ሆኖ ነው የሚመጣው፣ እና መስመሩ የት እንደሚዞር የሚወስነው እጅ ብቻ አይደለም።

«ቆሻሻን ወደ ጥበብ የቀየረ» የሚለው አባባል ግን በጣም ነው የሚያናድደኝ፣ ይቅርታ። ሪሳይክል ምናምን ተብሎ ሲጠቀለል ስራው ሁሉ የጽዳት ዘመቻ ይመስላል። ሰውየው ከሽቦው በፊትም በክር እና በአዝራር ሸራ ላይ ሲሰፋ የነበረ ሰው ነው፣ ዕቃው ቢቀያየርም ያ አንድ በአንድ የመስፋት ትዕግስት ያው ነው።

ከኪውሬተሯ (የኤግዚቢሽን አዘጋጇ) መስከረም አሰግድ ጋር ያቋቋሙት መካኒሳ ያለው ዞማ ሙዚየም (በ2019 እንደ ፈረንጆቹ ነው የተከፈተው) ሄዳችሁ ከሆነ ግድግዳዎቹን አስታውሱ። ጭቃና ጭድ ነው። ጭቃ ቤት ያሠራ ሰው ያውቀዋል፣ ጭቃው እስኪቦካ ትጠብቃለህ፣ ቶሎ ልምረግ ካልክ ይሰነጠቃል፣ ዝናብ ከመጣ ደግሞ ስራ ቆመ። እነሱ ግድግዳው ላይ ያወጡት ያ ሁሉ ቅርጽ እርጥበቱ ሳያልቅ መሠራት ያለበት ነገር ነው፣ ከደረቀ በኋላ ሀሳብህን ብትቀይር ማን ይሰማሃል።

ዕቃው ራሱ የስራውን መልክ መወሰኑን ደግሞ ኮንቴምፖራሪ አርት (የዘመኑ ጥበብ) ያመጣው አድርገን እንዳናወራ። የድሮ ብራና መጽሐፍ ገልጣችሁ ካያችሁ አንዳንዱ ገጽ ላይ ሞላላ ቀዳዳ አለ። የፍየሏ ቆዳ ሲገፈፍ ቢላ ትንሽ ነካ ያደረገበት ቦታ ነው፣ ከዛ ብራናው ተወጥሮ ሲደርቅ ጭረቷ እየተከፈተች እየተከፈተች ቀዳዳ ትሆናለች። አንዳንዱ ተሰፍቷል፣ አንዳንዱ እንዲሁ ተትቷል፣ ጸሐፊው መስመሩን እየጻፈ ይመጣና ቀዳዳው ጋ ሲደርስ ዘሎ ከወዲያ ማዶ ይቀጥላል። ቃሉ መሀል ላይ ቢሆንም። ፍየሏ ገጹን ዲዛይን አደረገችለት ማለት ነው፣ እና ማንም «ፕሮሰስ ቤዝድ» (ሂደቱ ራሱ የሚመራው ስራ) ብሎ አላስተዋወቀው።

በነገራችን ላይ «ማቴሪያሉ መራኝ» የሚባለው ነገር አሁን አሁን በየኤግዚቢሽኑ መክፈቻ የሚነገር ማምለጫ ሆኗል። ቀለም አፍስሰህ ወርደህ ሻይ ጠጥተህ ስትመለስ የደረቀውን መስቀል ይቻላል፣ ማንም አይከለክልህም፣ ግን ከአስሩ ዘጠኙን መጣል ካልቻልክ ምኑን ተመራህ? እኔ ትርፍ ሰዓቴን እንጨት እየቀረጽኩ ማተም የምወድ ሰው ነኝ፣ ቅርንጫፍ የነበረበት ቦታ ጋ እንጨቱ ይጠነክርና መሮው ይንሸራተታል፣ እዛ ጋ ወይ ስዕልህን ታጠፋለህ ወይ ያቺን ቦታ ዓይን ታደርጋታለህ። ያ ውሳኔ የእንጨቱ አይደለም፣ ያንተ ነው።

እዚህ ነገር ላይ ጫፍ የወጣው ለኔ ኤል አናትሱይ ነው። በ1944 (ይሄም የሚከተሉትም ዓመታት እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ጋና ተወልዶ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ናይጄሪያ ንሱካ ሲያስተምር የኖረ ቀራጺ፣ መጀመሪያ እንጨትን በሞተር መጋዝ ሁሉ ይቆርጥ ነበር፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ አካባቢ የአልኮል ጠርሙስ ክዳን የሞላበት ከረጢት አገኘና ወደ ስቱዲዮው ወሰደው። ክዳኑን ጠፍጥፎ፣ አጥፎ፣ ጠምዝዞ በመዳብ ሽቦ አንዱን ካንዱ ሲያያይዘው ብረቱ ብረት መሆኑን ተወና እንደ ጨርቅ መውደቅ፣ መተጣጠፍ ጀመረ። እሱም አላቃናውም። ጭራሽ ስራውን ሲልክ እንዴት እንደሚሰቀል አንድ ትክክለኛ መልክ አይወስንም፣ የሚሰቅሉት ሰዎች ናቸው እጥፋቱን የሚያወጡት፣ ለንደን ላይ ያየኸው ሌላ ከተማ ሄዶ ሌላ መልክ ይኖረዋል። በ2015 ቬኒስ ቢኤናሌ፣ ጣሊያን የሚካሄደው ትልቁ የጥበብ ኤግዚቢሽን፣ ለዕድሜ ልክ ስራው ወርቃማ አንበሳ የሚባለውን ሽልማት የሸለመው ይሄን ሰውዬ ነው።

ሳስበው ያስቀናኛል፣ ግን እኔ እንደዛ ልቅ መሆን የምችል አይመስለኝም፣ የእህቴ ልጅ የሰጠኋትን ህትመት ትንሽ አጋድላ ስለሰቀለችው ብቻ እቤቷ በሄድኩ ቁጥር ተነስቼ አቃናዋለሁ።