የአባቴን አፍ የከፈተ አምላክ

ስሙ ይክበር ይመስገን። ይህን ስጽፍ ዛሬም እንባዬ ይቀድመኛል።

የ12ኛ ክፍል ውጤት ጥር 2015 ሲለቀቅ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ያ ሁሉ ልጅ ወድቆ እኔ ብቻዬን የወደቅሁ መሰለኝ። አባቴ ውጤቴን ስልኩ ላይ አየ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ወደ መኝታ ቤቱ ገባ። አንድ ቃል አልተናገረኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤታችን ውስጥ ወሬ የለም። “በላሽ?” “አጠናሽ?” በቃ። የጎረቤት ልጅ ጉብዝና ግን በየቀኑ ይነሳል።

በዚያ ሌሊት መኖር አልፈለግሁም። ዝርዝሩን አልጽፍም፤ የሚያነብ ልጅ ይኖራል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ሳሎን ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብዬ እግዚአብሔርን ተቆጣሁት። “ጾሜ የት ገባ? እናቴን ወሰድክ፤ አሁን ደግሞ ዝም ትለኛለህ? አንተም እንደ አባቴ ነህ!” አልኩት። እውነቴን ነው፣ እንዲህ ብዬዋለሁ። ከዚያ ሳላስበው እናቴ ጠዋት ጠዋት የምትደግመው ዳዊት አፌ ላይ መጣ። “አቤቱ፥ አንተን ከጥልቅ ጠራሁህ።” ሌላ ቃል አልነበረኝም። እሱኑ ደጋገምኩት።

መብራቱ በራ። አክስቴ ናት፤ ውሃ ልትጠጣ ተነስታ ነው። እግዚአብሔር ዕድሜዋን ያርዝምልኝ! አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን ደረበችልኝ። ፊቴን አየችና “የኔ ልጅ፣ ራስሽን ልታጠፊ አስበሻል?” አለችኝ። እንዲህ በግልጽ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። “አዎ” አልኳት። አልጮኸችም። “ኃጢአት ነው” ብላም አልገሠጸችኝም። እጄን እንደያዘች አባቴን ጠራችው።

በጋቢው ወጣ። ነገረችው። ጉልበቱ ከዳው፤ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለ። ብዙ ቆየ።

“እኔም 12ኛን ወድቄያለሁ” አለ። “ለማንም አልተናገርኩም። ለእናትሽም። በአንቺ አልተናደድኩም። ፈርቼልሽ ነው፤ የምለው ጠፍቶኝ ነው።”

የዘካርያስን አፍ የከፈተ አምላክ የአባቴን አፍ ከፈተ። እስኪነጋ አወራን።

ጠዋት የንስሐ አባታችን መጡ። “ኤልያስም ነፍሴን ውሰድ ብሎ ነበር። እግዚአብሔር እንጎቻና ውሃ ላከለት እንጂ አልተቆጣውም። ጸበሉንም ተጠመቂ፣ ሐኪሙንም እዪ” አሉኝ። ቃለ ሕይወት ያሰማልን። አባቴ ራሱ አማኑኤል ሆስፒታል ወሰደኝ። ሐኪሟ “ስለ ሞት ሲጠይቋት ሐሳቡን አያስገቡባትም፤ ሸክሟን ያቀሉላታል። ልትጎዳበት የምትችለውን ነገር ያርቁ፣ ብቻዋን አይተዋት” አለችው። ቃሏን ጠበቀ።

መድኃኒቱ፣ ምክሩ፣ ጸበሉ፤ ወራቱ እንዲህ አለፉ።

አሁን አባቴ ከራት በኋላ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ “ዛሬስ ልብሽ እንዴት ዋለ?” ይለኛል። “ከብዶኛል” የምለው ቀን አለ። አይደነግጥም፣ ምክርም አያዘንብብኝም። ይሰማኛል።

እዚያ ጨለማ ውስጥ ያለህ፣ ያለሽ ልጅ፣ እባካችሁ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገሩ። እመሰክራለሁ ብዬ ተስዬ ነበር፤ ስለቴን አደረስኩ። ተመስገን።