መታጠፊያ ላይ የሚገግመው ፓክማን

የቤቴ አርኬድ፣ ማለትም ቆመው የሚጫወቱበት የጌም ማሽን፣ ቆሟል! ሳጥኑን አናጺ በኤምዲኤፍ (የታመቀ የእንጨት ቦርድ) ሰርቶልኛል። ውስጡ ራስቤሪ ፓይ የምትባል ትንሽ ኮምፒውተር ነው፣ ስክሪኑ ያገለገለ ሞኒተር። ስለ ሽቦው ብዙ አልልም። ቁልፎቹንና ጆይስቲኩን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው ሰሌዳ፣ የዩኤስቢ ኢንኮደር፣ ካላችሁ ሥራው ሁሉንም በየቦታው መሰካት ነው። የቁልፎቹ ቀዳዳ 30 ሚሊሜትር መሆኑን ግን ለአናጺው በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት።

ልቤን ያወለቀው አቅጣጫ የሚሰጠው እጀታ፣ ጆይስቲኩ ነው። የጃፓኑን ሳንዋ ጄኤልኤፍ ዘመድ አመጣልኝ። የፍልሚያው ጨዋታ ስትሪት ፋይተር 2 ላይ እንደ ቅቤ ይሄዳል። በጠባብ መንገዶች ከመናፍስት የሚሸሹበት ፓክማን ላይ ግን መከራ ነው። ወደ ላይ ልታጠፍ ስል መታጠፊያውን አልፎ ይሄዳል፣ መናፍስቱም ይበሉኛል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ፓክማን በ1980 ሲወጣ ጆይስቲኩ የሚያውቀው አራት አቅጣጫ ብቻ ነበር። የእኔ ስምንት ያውቃል። እጄ ትንሽ ወደ ሰያፍ ሲያዘነብል የላይኛውና የቀኙ ማይክሮስዊች (ዘንጉ ሲነካቸው አቅጣጫ የሚያስተላልፉ ትንንሽ ማብሪያዎች) አብረው ይጫናሉ። ጨዋታው ደግሞ ሁለት ትዕዛዝ በአንዴ እንዲቀበል ታስቦ አልተሠራም።

ደስ የሚለው፣ ለዚህ ምንም አይገዛም። ከጆይስቲኩ ሥር ዘንጉን የሚገድብ አራት ማዕዘን ፕላስቲክ አለ፤ ጌት ይሉታል። መያዣዎቹን በጥፍር ፈልቀቅ አድርጋችሁ ቀዳዳውን 45 ዲግሪ አዙሩና መልሳችሁ ግጠሙት። መሥራቱን በጆሮ ማወቅ ይቻላል። ዘንጉን ወደ ሰያፍ ግፉት። በፊት ሁለት ጊዜ ቀጭ ቀጭ ይል የነበረው አሁን ሁለቱ አብረው አይሰሙም።

ቀጥሎ ሞላውን ቀየርኩ። የፋብሪካው ለእኔ በጣም ይለሰልሳል። የሴይሚትሱ ኤልኤስ-56 ሞላ ጠንከር ያለ ነው፣ ጄኤልኤፍ ውስጥም ይገባል። ዘንጉ ግርጌ ላይ ያለውን ስንጥቅ በጠፍጣፋ ካቻቪቴ ያዙና ኳሱን በእጅ ፍቱት። ከዚያ ታች ያለችውን ትንሽ የብረት ቀለበት አውጡ። ስትወጣ ተስፈንጥራ ስለምትጠፋ በጨርቅ ሸፍኗት። ሞላውን ቀይራችሁ ስትመልሱት ለፕላስቲክ የሚሆን የሲሊኮን ግራሶ በጣት ጫፍ ቀባ አድርጉ። የመኪና ግራሶ በፍጹም!

ብዙዎች ማይክሮስዊቾቹን የሚገፋውን ፕላስቲክ በወፍራም ቀይሩት ይላሉ። ለፍልሚያ ጨዋታ እስማማለሁ፣ ቶሎ ይነካል። ፓክማን ለሚወድ ሰው ግን አልመክርም። ሁለት ስዊች አብሮ የሚጫንበትን ቦታ ያሰፋዋል፤ የሸሸነውን ችግር መልሶ መጥራት ነው።

አሁን ፓክማንና ዶንኪ ኮንግ እንደ ልቤ ሆነዋል። የቀረኝ ስትሪት ፋይተር ነው። ሀዱከን የሚባለውን የእሳት ኳስ ለመወርወር ከታች ወደ ፊት ስትዞሩ ሰያፉን መንካት ግድ ነው፣ የዞረው ጌት ደግሞ ሰያፍ አያስነካም። የድሮ አርኬድ ጨዋታዎችን በኮምፒውተር የሚያጫውተው ፕሮግራም፣ ማሜ፣ ውስጥ ሰያፉን በሶፍትዌር የሚያስተካክል ጆይስቲክ ማፕ የሚባል ቅንብር አለ። እኔ ግን እጄ ላይ የሚሰማኝን ግድግዳ እመርጣለሁ። ጨዋታ በቀየርኩ ቁጥር ፓኔሉን ፈትቶ ጌት ማዞር ደግሞ ያሰለቻል። ስለዚህ ጌቱን ወደ ስምንት መልሼ፣ መሀል ላይ ለአራት አቅጣጫ ብቻ የሚሆን ሌላ ጆይስቲክ ልተክል ነው። ሳጥን ገና የምታሠሩ ካላችሁ ያቺን ቀዳዳ ከአሁኑ አስበሱ። ኤምዲኤፉ ወፍራም ከሆነም ጆይስቲኩ የሚቀመጥበትን ቦታ ከሥር ያሳሱላችሁ፣ አለዚያ ዘንጉ ወደ ላይ ሲወጣ ያጥራል።