ክብደት ያለው ዝላይ፦ ከአክሽን አኒሜሽን ልምምዴ የተገኘ ማስታወሻ

የአክሽን አኒሜሽን የፊዚክስን ሕግ እንደሚጥስ ሁላችንም እናውቃለን። ጀግናው ከሕንፃ ሕንፃ ይዘላል፣ አየር ላይ ቆሞ ይነጋገራል፣ ከቁመቱ የሚረዝም ሰይፍ በአንድ እጁ ያወዛውዛል። ይሁንና ከእነዚህ ትዕይንቶች አንዳንዶቹ እያየናቸው እውነት ይመስሉናል፤ ሌሎቹ ግን በዚያው ታሪክ ውስጥ ሆነው ሳለ እንደ ወረቀት ቀልለው ይታዩናል። ይህ ልዩነት ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ስል እዚህ ኮምቦልቻ ሆኜ የምወዳቸውን ትዕይንቶች ፍሬም በፍሬም (ነጠላ ምስል በነጠላ ምስል) እያስኬድኩ ሳይ፣ ያየሁትንም ብሌንደር በተባለው የአኒሜሽን መሥሪያ ፕሮግራም ላይ ስሞክር ቆይቻለሁ። እስካሁን የደረስኩበት ድምዳሜ፣ ጥሩ ባለሙያ አንዱን ሕግ አውቆ ሲጥስ ሌሎቹን በጥንቃቄ እንደሚጠብቅ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እጁን የሚያስገባው ጊዜ ላይ ሆኖ ክብደትን ሳይነካ እንደሚያልፍ ነው።

የሒሳቡ መነሻ ፍሬም ነው። ሲኒማ በሰከንድ 24 ፍሬም ይሄዳል። የመሬት ስበት የወዳቂውን ነገር ፍጥነት በየሰከንዱ በ9.8 ሜትር በሰከንድ ስለሚጨምር፣ ከእጅ የተለቀቀ ኳስ በመጀመሪያው ፍሬም ከ1 ሴንቲ ሜትር ያነሰ፣ እስከ 6ኛው ፍሬም 31 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ እስከ 12ኛው 1.2 ሜትር፣ 24ኛው ላይ ሲደርስ ደግሞ 4.9 ሜትር ይወርዳል። ጋሊሊዮ በእኩል የጊዜ ክፍልፋዮች ውስጥ የሚሸፈኑት ርቀቶች 1፣ 3፣ 5፣ 7 እያሉ በጎዶሎ ቁጥሮች እንደሚያድጉ አሳይቶ ነበር፤ ይህም ያለ ካልኩሌተር ሊሠራበት የሚችል መመሪያ በመሆኑ ልምምድ ለሚጀምር ሰው ሁሉ ከማንኛውም መሣሪያ በፊት እንዲይዘው የምመክረው ነው። በእጅ በሚሳሉ ሥራዎች፣ በተለይም በጃፓን የቴሌቪዥን አኒሜ፣ አንድ ሥዕል ሁለት ወይም ሦስት ፍሬም እንዲቆይ ስለሚደረግ በሰከንድ የሚሳሉት 12 ወይም 8 ሥዕሎች ብቻ የሚሆኑበት ጊዜ ብዙ ነው። አንድ ሰው 50 ሴንቲ ሜትር ሽቅብ ቢዘል አየር ላይ የሚቆየው 0.64 ሰከንድ፣ ማለትም 15 ፍሬም ያህል ነው። ስለዚህ ሠዓሊው ያንን ዝላይ ለማሳየት ከ5 እስከ 8 የሚሆኑ ሥዕሎች ብቻ አሉት፤ የትኛውን ቅጽበት ስሎ የትኛውን እንደሚያልፍ የመምረጥ ነፃነቱም ከዚሁ ይጀምራል።

አሁን ዝላዩን ወደ 20 ሜትር እናሳድገው። በትክክለኛው ሒሳብ ጀግናው መሬቱን የሚለቀው በሰዓት 71 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲሆን፣ ለመውጣት 2 ሰከንድ፣ ለመውረድም 2 ሰከንድ፣ በድምሩ 97 ፍሬም ያህል ይፈጅበታል። በውጊያ መካከል 4 ሰከንድ ሙሉ አንድ ሰው ወጥቶ እስኪወርድ መጠበቅ ትዕይንቱን ይገድለዋል። ባለሙያዎቹ ታዲያ ምን ያደርጋሉ? መውጫውን በጥቂት ፍሬሞች ያሳጥሩታል፣ ጫፉ ላይ ያቆዩታል፣ መውረጃውን እንደገና ያሳጥሩታል። ይህ አደራረግ ከተፈጥሮ ፈጽሞ የራቀ አለመሆኑን ስረዳ በጣም ነው የተደሰትኩት። ማንኛውም ወደ ላይ የተወረወረ ነገር ከጠቅላላ የበረራ ጊዜው ግማሹን የሚያሳልፈው በከፍታው የላይኛው ሩብ ውስጥ ነው፤ በ20 ሜትሩ ዝላይ ከ4ቱ ሰከንዶች 2ቱ የሚያልፉት ከ15 ሜትር በላይ ነው ማለት ነው። ዓይናችን ጫፍ ላይ መዘግየትን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ አኒሜሽኑ የሚያደርገው ይህንኑ የሚያውቀውን መዘግየት ማጋነን ነው።

ይህን ለመፈተን ያንኑ ዝላይ በሦስት መልክ ሠራሁት። አንደኛው እውነተኛውን ሒሳብ የተከተለ ነበር። በሁለተኛው ሁሉንም ነገር በእኩል አፋጠንኩት። በሦስተኛው ደግሞ መውጫውን 6 ፍሬም፣ የጫፉን ቆይታ 40 ፍሬም፣ መውረጃውን 5 ፍሬም አደረግሁት። ታናሽ እህቴና የሠፈራችን ልጆች ሦስቱንም እንዲያዩ ሳደርግ፣ እውነተኛውን «ቀርፋፋ»፣ ሁለተኛውን «የተቆራረጠ» ሲሉት በሦስተኛው ግን ማንም ቅር አላለውም። ነገር ግን ከመዝለሉ በፊት ጉልበቱን አጥፎ የሚዘጋጅበትንና ሲያርፍ የሚያጎነብስበትን ፍሬሞች ከዚያው ሥራ ላይ ሳነሣቸው ሦስተኛውም ወዲያው ፈረሰ። ምክንያቱ በቁጥር ይታያል። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው እግሩን በ40 ሴንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ ዘርግቶ 20 ሜትር ለመድረስ የክብደቱን 51 እጥፍ፣ ማለትም ከ3.5 ቶን በላይ ጭነት በእግሩ መግፋት አለበት። ያንን ግፊት የሚቀበለው መሬቱ ነው። የሚሰነጠቀው ንጣፍና የሚነሣው አቧራ ለጌጥ ብቻ የተጨመሩ አይደሉም፤ ጀግናው ወደ ላይ ለሄደበት ኃይል መሬቱ ወደ ታች የከፈለው ዋጋ ናቸው። በቅድመ ዝግጅቱ ላይ በቂ ፍሬም ያላወጣ አኒሜተር በዝላዩ ላይ የሚያደርገው ማጋነን ሁሉ ተቀባይነት የሚያገኝ አይመስለኝም።

ስለ ክብደት ከሁሉ የበለጠ ያስተማረኝ ግን እዚሁ ኮምቦልቻ በአንድ የእህል መጋዘን ደጃፍ የሚሠሩት ጫኝና አውራጆች ናቸው። ፈቃዳቸውን ጠይቄ ባለ ኩንታል ጆንያ ሲሸከሙ በስልኬ በዝግታ ቀረጽኳቸው። ጆንያው ትከሻ ላይ ከመውጣቱ በፊት ሸካሚው እግሮቹን ከፈት አድርጎ ጉልበቱን ያጥፋል፤ ጭነቱ ሲያርፍበት ወገቡ መጀመሪያ ወደ ተቃራኒው ጎን ይሄዳል፣ ቀጥሎ ደረቱ፣ መጨረሻ ላይ አንገቱ። እርምጃው ያጥራል፤ ሁለቱም እግሮቹ አብረው መሬት የሚነኩበት ጊዜ ይረዝማል። ለመቆም ሲፈልግም አስቀድሞ ፍጥነቱን መቀነስ ይጀምራል እንጂ ባለበት ቀጥ አይልም። ከመካከላቸው በዕድሜ ጠና ያሉት ጋሼ፣ ጀማሪ የሚታወቀው በክንዱ ለማንሣት ሲሞክር መሆኑን፣ ልምድ ያለው ሰው ግን ጭነቱን በእግሩ እንደሚያነሣ አስረዱኝ። ይህ ሁሉ የአንድ ሕግ ውጤት ነው፦ የሸካሚውና የጭነቱ የጋራ የክብደት ማዕከል ከእግሮቹ በላይ መዋል አለበት፤ ካልሆነ ይወድቃል።

ይህንን ይዤ ወደ ትልቁ ሰይፍ ስመለስ ችግሩ የት እንዳለ ግልጽ ሆነልኝ። ውፍረቱ ሳይለወጥ ርዝመቱ እጥፍ የሆነ ዘንግ ክብደቱም እጥፍ ይሆናል፤ አንዱን ጫፍ ይዞ ለማዞር የሚያስቸግረው መጠን ግን 8 እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ ቀጭኑ ጀግና ያን ሰይፍ ቀጥ ብሎ ቆሞ በእጁ ብቻ ቢያወዛውዘው፣ ሰይፉ ምንም ያህል የሚያስፈራ ቢሆን ከመቃ የተሠራ ይመስላል። በእኔ ሥራ ላይ ወገቡ ከ3 ፍሬም በፊት እንዲንቀሳቀስ፣ ትከሻው እንዲከተለው፣ ክንዱ ከዚያ፣ የሰይፉ ጫፍ ከሁሉ መጨረሻ እንዲመጣ አደረግሁ። ሰይፉ ሲቆምም ባለቤቱን ግማሽ እርምጃ ይጎትተዋል። የክንዱ ጉልበት አሁንም ከሰው አቅም ውጪ ነው፤ የክብደት ማዕከሉ ሕግ ግን ተጠብቋል፣ ተመልካቹም የሚያምነው በዚሁ ምክንያት ነው።

ግዙፍ ፍጡራንንና ሮቦቶችን በተመለከተ ጋሊሊዮ በ1638 የጻፈው ነገር እስከ ዛሬ ይሠራል። አንድ አካል መልኩ ሳይቀየር ቁመቱ 10 እጥፍ ቢያድግ አጥንቱ አግድም ሲቆረጥ የሚታየው ስፋት 100 እጥፍ፣ ክብደቱ ግን 1000 እጥፍ ያድጋል፤ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር አጥንት ላይ የሚያርፈው ጭነት 10 እጥፍ ይሆናልና እግሩ አይችለውም። አኒሜሽን ይህንን ሕግ በሙሉ ልቡ ይጥሳል፤ ባይጥሰው ኖሮ ዘርፉ ራሱ ባልኖረ ነበር። ከዝላዩ በተለየ እዚህ ሊጥሰው የማይገባው ጊዜን ነው። ከ1.8 ሜትር የሚወድቅ ነገር መሬት ለመድረስ 15 ፍሬም ያህል ሲበቃው፣ ከ18 ሜትር የሚወድቀው 46 ፍሬም ያስፈልገዋል። ቁመቱ 10 እጥፍ የሆነ ፍጡር እንቅስቃሴው ከ3 እጥፍ በላይ ሊዘገይ ይገባዋል ማለት ነው። ደሴ ለዚህ ልምምድ እጅግ ተስማሚ ከተማ ናት። ቤቶቹ በተዳፋቱ ላይ ተደራርበው ስለሚታዩና የጦሳ ተራራ ከበስተጀርባ ስለሚቆም ዓይን ወዲያውኑ መጠንን ይለካል። ቀለል ያለ የከተማ ሞዴል ሠርቼ ባለ 18 ሜትሩን ፍጡር በመካከሉ ሳስኬደው፣ በሰው ፍጥነት ሲራመድ ቤቶቹ ራሳቸው አሻንጉሊት መሰሉ፤ እርምጃውን ሦስት እጥፍ ሳዘገየው ግን ከተማውም ፍጡሩም መጠናቸውን መልሰው አገኙ። በፍጡሩ ሥዕል ላይ የቀየርኩት አንድም ነገር አልነበረም።

አንድ ጥሰት ግን አልወደውም፤ ሕፃናት ስለሚያዩትም ጭምር ያሳስበኛል። ከፎቅ የሚወድቅን ሰው ጀግናው መሬት ሊደርስ ሲል በክንዱ ይቀልበዋል፣ ወዳቂውም ፈገግ ብሎ ያመሰግናል። አየሩ ውድቀቱን የሚያዘገይበትን መጠን ትተን ብናሰላ፣ 50 ሜትር የወደቀ ሰው ፍጥነቱ በሰዓት 113 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በግማሽ ሜትር ውስጥ ቢያስቆሙት ሰውነቱ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከክብደቱ 100 እጥፍ በላይ ነው፤ ያ ክንድ ከመሬቱ ብዙም አይሻልም። የሚገድለው የፍጥነቱ በአጭር ርቀት ውስጥ መጥፋት ስለሆነ መፍትሔውም ርቀት ነው። ጀግናው ከወዳቂው ጋር አብሮ እየወረደ ይዞት በ25 ሜትር ውስጥ ቢያዘገየው ኃይሉ ወደ ክብደቱ 3 እጥፍ ይወርዳል፤ ይህንን ጤነኛ ሰው ለአጭር ጊዜ ይችለዋል። ሁለቱ አብረው በሰፊ ቅስት ወርደው ወደ ጎን ሲወጡ የሚያሳዩ ሥራዎች አሉ። እኔም ትዕይንቱን በዚያ መንገድ ሠራሁት፤ በእኔ ዓይን ከድንገተኛው ቅለባ ይልቅ ያማረው ይሄኛው ነው።

ምትን በተመለከተ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ እዚህ ላይ ጊዜን አለማጠፍ ያጎድላል። የሁለት ጠንካራ ነገሮች ግጭት የሚፈጀው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ፍሬም፣ ማለትም ከ42 ሚሊ ሰከንድ ያነሰ በመሆኑ፣ እንዳለ ከተሠራ ተመልካቹ ሳያየው ያልፋል። ስለዚህ ቡጢው ሲያርፍ ሥዕሉ ከ2 እስከ 4 ፍሬም ባለበት ይቆማል፤ የጨዋታ ሠሪዎች ሂት ስቶፕ የሚሉት ይህንን ነው። ከዚያ በኋላ የተመታው ሰው መሄድ ያለበት በምቱ አቅጣጫ ነው፤ መቺውም በተቃራኒው ጥቂት መገፋት አለበት።

በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ በሚኒባስ የወረደ ሁሉ የሚያውቀውንም ነገር ላንሣ። ሬዲየሱ 30 ሜትር በሆነ መታጠፊያ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር መሄድ የስበቱን ሩብ ያህል ወደ ጎን ይገፋል። በሰከንድ 100 ሜትር የሚሮጥ ጀግና በ10 ሜትር ሬዲየስ ቢታጠፍ ግን የስበቱ 100 እጥፍ ስለሚደርስበት፣ ጫማው ከመሬቱ ጋር ያለው ሰበቃ ፈጽሞ አይበቃውም። እንዲህ ያለውን ሯጭ ወደ መታጠፊያው ውስጥ አጋድሜ ሳልኩት፤ እግሩ የሚያርፍበትን መሬትም እንዲቆፍር አደረግሁ። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ፍንዳታው በዚያ ርቀት ላይ ከሆነ ብርሃኑ ከታየ በኋላ 24 ፍሬም ዝምታ ሊኖር ይገባል። ይህንን በአንድ ትዕይንት ብቻ ተጠቅሜበት በሌሎቹ ድምፁን ከብርሃኑ ጋር አስገባሁ፤ በእያንዳንዱ ፍንዳታ ላይ ቢደጋገም ኃይሉን ያጣል።

አሁን የያዝኩት ሥራ ጋቢ ነው። ዘላዩ ጀግና ጋቢ ለብሷል፤ ጨርቁ ከሰውነቱ 2 ወይም 3 ፍሬም ዘግይቶ መከተል፣ ጫፉ ላይ ሰውየው ቆሞ ሳለ እርሱ ገና መውጣቱን መቀጠል፣ ሲወርድ ደግሞ ወደ ላይ መነፋት አለበት። በደሴ ከፍታ፣ ማለትም 2500 ሜትር አካባቢ፣ አየሩ በባሕር ወለል ካለው በአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ቢሆንም፣ ያ ልዩነት በጨርቅ ላይ ለዓይን ስለማይታይ ብሌንደር ላይ ያለውን የአየር መጠን አልቀየርኩትም። የሚያስቸግረኝ ሌላ ነው፦ በ40ው ፍሬም ቆይታ ሰውየው ላይ ስበት ቆሟል፣ ጋቢው ላይ ግን እየሠራ ስለሆነ ጨርቁ ቆይታው ሳያልቅ ትከሻው ላይ ይወርዳል። ጨርቁን ብቻ በዝግታ ጊዜ አስልቼ ልሞክረው አስቤያለሁ፤ ከእናንተ መካከል ነጠላ ወይም ጋቢ ሲወረወር በሰከንድ 60 ፍሬም ወይም ከዚያ በላይ የቀረጸ ካለ ቅጂውን ቢልክልኝ ቁጥሮቹን አውጥቼ ለሁላችንም አካፍላለሁ።