በትንሿ ልጃችን እንቅልፍ ልክ የተሰፋ ጉዞ

ልጆቻችንን ከደሴ አዲስ አበባ ወስደን የመጫወቻ ቦታ ለማሳየት ሁለት ጊዜ ተጉዘናል። የመጀመሪያው ጉዞ፣ ገንዘብም ጉልበትም ሳንሰስትበት፣ ልጆቹ አልቅሰው እኛም ዝለን የተመለስንበት ነበር። ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ያደረግነው ሁለተኛው ጉዞ ግን እስከ ዛሬ ድረስ በየማታው እራት ላይ ይነሳል። በሁለቱ ጊዜ ያወጣነው ገንዘብ ብዙም አልተለያየም፤ የተለየው ዝግጅታችን ነው። ትናንሽ ልጆች ያሏቸው ጎረቤቶቼና የሥራ ባልደረቦቼ ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ፣ ያጠፋነውንም ያቀናነውንም እንዳለ ልጽፈው ወደድኩ።

በመጀመሪያው ጉዞ ትልቋ ልጃችን 5 ዓመት ከመንፈቅ፣ ወንዱ 2 ዓመት ከመንፈቅ ነበሩ፤ እኔም ሦስተኛዋን ፀንሼ አምስተኛ ወሬን ይዤ ነበር። የሄድነው በሐምሌ ነው፤ ትምህርት ቤት የሚዘጋውም ባለቤቴ የዓመት ፈቃድ ያገኘውም ያኔ ነበርና። ሐምሌ በአዲስ አበባ ዝናብ የማይለይበት ወር መሆኑን እያወቅን፣ «ጠዋት ጠዋት ያባራል» ብለን ራሳችንን አሳመንን። ከደሴ በሌሊት ተነስተን 400 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን መንገድ በአንድ ቀን ጨረስን፤ ማምሻውን ኮተቤ አክስቴ ቤት ደረስን፤ በማግስቱም የልጆቹ ድካም ሳይወጣላቸው ወደ መጫወቻው ይዘናቸው ወጣን። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድ ውጭ ያሉት መጫወቻዎች በሙሉ ቆሙ፤ ቀኑም በዚያው አለቀ።

ከዝናቡ በላይ ልቤን የነካው ግን የቁመቱ ነገር ነው። ልጄ ከደሴ ጀምሮ ስታልመው የነበረው በሐዲድ ላይ እየተጠማዘዘ የሚሮጠውን ባቡር ነበር። መግቢያው አጠገብ በቆመ ሰሌዳ ላይ 120 ሴንቲ ሜትር የሚል ቀይ መስመር ተሠምሯል። ብዙ ተሰልፈን ተራችን ሲደርስ ሠራተኛው «ሚጣዬ፣ ጫማሽን አውልቂና ጀርባሽን አስጠግተሽ ቁሚ» አላት። ቆመች። መዳፉን ዘርግቶ አናቷ ላይ ሲያሳርፍ፣ ከመዳፉ እስከ ቀዩ መስመር ግማሽ ስንዝር ያህል ቀረ። በእግር ጣቶቿ ጫፍ ተንጠራራች፤ እሱም ትከሻዋን በቀስታ ዳሰስ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ። ሰውየው ያደረገው ትክክል ነበር፤ የመቀመጫው መያዣ ብረት የተሠራው ለተወሰነ ቁመት ተለክቶ ስለሆነ፣ አጠር ያለ ልጅ ባቡሩ ሲጠመዘዝ ከሥሩ ሊሾልክ ይችላል። ጥፋቱ የእኛ፣ ሳንለካ ቃል የገባነው የወላጆቿ ነበር።

ሁለተኛውን ጉዞ ስናሰናዳ ከመጫወቻው አልጀመርንም፤ ያኔ 14 ወር ከሆናት ከትንሿ ልጃችን እንቅልፍ ጀመርን። ለሁለት ሳምንት ያህል የምትተኛበትን፣ የምትነቃበትንና የምትበላበትን ሰዓት በደብተር ላይ ጻፍኩ። ቀን ላይ ዘወትር ከ5፡30 እስከ 7 ሰዓት ትተኛለች፤ ይህ እንቅልፍ ከተዛባ ደግሞ የቀኑ ቀሪ ክፍል በእሷ ብቻ ሳይሆን በሁላችንም ላይ ይከፋል። ስለዚህ ልብስ በሰው ቁመት እንደሚሰፋ ቀኑን በእሷ እንቅልፍ ልክ ሰፋነው፤ በሩ እንደተከፈተ እንገባለን፣ ከ5፡30 በፊት እንወጣለን፣ ከሰዓት በኋላ ምንም ዓይነት መርሐ ግብር አይኖረንም። ባለቤቴ «ይህን ሁሉ አገር አቋርጠን ለሦስት ሰዓት ጨዋታ ነው እንዴ?» ብሎ ተከራከረኝ። እኔም በመጀመሪያው ጉዞ ልጆቹ ከልባቸው የሳቁት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰዓታት ብቻ እንደነበር አስታወስኩት፤ ፎቶግራፎቹን እያየን ሰዓቱን ስናመሳክርም እንዲሁ ሆኖ ተገኘ።

ጊዜውንም ለወጥነው። የመንፈቀ ዓመት ዕረፍት የሚሆንበትን የጥር መጨረሻ መረጥን፤ አዲስ አበባ ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ በእኛ ወሎም በልጉ ገና አልያዘም። ከዚያ ወደ መጫወቻ ቦታው ስልክ ደውዬ አራት ነገር ጠየቅኩ፤ ለእያንዳንዱ መጫወቻ የሚፈቀደው ቁመት ስንት ነው፣ ለጥገና የተዘጋ አለ ወይ፣ ብዙ የትምህርት ቤት ልጆች የሚመጡት በየትኛው ቀን ነው፣ ለሕፃን ምግብ ይዞ መግባት ይፈቀዳል ወይ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ በትዕግሥት መለሰችልኝ፤ እኔም ቁመቶቹን በሙሉ ጻፍኩ።

በዚያው እሑድ የሳሎኑን በር መቃን ላይ ሜትር አስጠግቼ ልጆቹን ለካሁ። ትልቋ 117 ሆነች። ሦስት ሴንቲ ሜትር እንደሚቀራት ስነግራት አለቀሰች፤ ነገር ግን የራሷ ቤት ነበረች፣ ሰልፍ አልነበረም፣ የሚያያትም ሰው የለም፤ ጥቂት ቆይታ ፊቷን ታጥባ መጣችና «እሺ፣ የሚፈቀድልኝን ንገሪኝ» አለችኝ። ተራ በተራ አነበብኩላት። ራሷ አምስት መርጣ በደብተሯ ላይ ጻፈች። ከጠቅላላው ዝግጅት አንድ ነገር ብቻ ውሰዱ ብባል የምመርጠው ይህን ነው፤ ልጅ ማልቀሱ ካልቀረ፣ መጫወቻው በር ላይ ሳይሆን ቤቱ ያልቅስ።

ለልምምድ ደግሞ ከጉዞው ሦስት ሳምንት በፊት ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ሐይቅ ሄደን ግማሽ ቀን ዋልን። ብዙ ነገር ገለጠልን። ወንዱ ልጅ ወተት ጠጥቶ መኪና ሲሳፈር እንደሚያስመልሰው፣ ደረቅ ዳቦ ሲበላ ግን ደህና እንደሚሆን አየን። ትንሿ በጋሪ ውስጥ ጨርሶ አትተኛም፤ አንቀልባ ላይ ስትታዘል ግን ወዲያው ታሸልባለች። ስለዚህ ጋሪውን ቤት ተውነው። ወንዱ ወደ ውሃው ጠርዝ ሲሮጥ እኔ ሕፃኗን አዝዬ፣ ባለቤቴ ትልቋን ይዞ፣ ለእሱ የሚደርስ ነጻ እጅ እንዳጣን ያየሁትም እዚያ ነው። በዚያ ምክንያት ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቢሾፍቱ የሚገኘውን የኩሪፍቱን የውሃ መናፈሻ ከዕቅዳችን አወጣነው። ውሃ የወሰደው ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ አይጮኽም፣ እጁንም አያወራጭም፤ በጸጥታ ይሰምጣል። በአየር የሚነፋው የክንድ መያዣም ላይፍ ጃኬትን አይተካም። ዋና ለማይችል ልጅ እጅ ሲዘረጋ በሚደረስበት ርቀት ላይ አንድ አዋቂ ያስፈልጋል፤ እኛ ሁለት ነን፣ ልጆቹ ሦስት። አክስት ወይም አጎት አብሮ የሚሄድለት ቤተሰብ ቢሄድበት መልካም ነው።

መንገዱን ለሁለት ከፈልነው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን በኮምቦልቻ፣ በከሚሴና በአጣዬ አድርገን ሸዋ ሮቢት ምሳ በላን፤ ሞቃት ቢሆንም የወባ አገር ስለሆነ ሕፃን ይዘን እዚያ ማደሩን አልወደድነውም። ጣርማ በርን ወጥተን ደብረ ብርሃን አደርን። የጥር ሌሊት ደብረ ብርሃን ላይ አጥንት ይሰብራል፤ ብርድ ልብስ ከቤት መያዛችን በጀን። ጣርማ በር ላይ መኪና የሚያልፍበት ዋሻ ለልጆቹ ራሱን የቻለ መጫወቻ ሆነላቸው፤ ከመግባታችን በፊት መስኮት ዘግተን «አሁን ይጨልማል!» እያልን ቆጠርን። ስንመለስ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ከጣርማ በር ከፍታ ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ ጆሮ ይደፈናልና ሕፃኗን ጡት አጠባኋት፣ ሁለቱን ደግሞ ውሃ በትንሽ በትንሹ አስጎነጨኋቸው። መዋጥ የጆሮውን ቧንቧ ስለሚከፍት ግፊቱ ይስተካከላል፤ አንዳቸውም አላለቀሱም።

ምግቡን አማቴ አሰናዱልን። «የልጅ ሆድ በመንገድ አይሞከርም» ብለው ዳቦ ቆሎ፣ በሶና የተቀቀለ ድንች አዘጋጁ። በቤታችን የሚጾምም የማይጾምም ስላለ፣ ሁሉም ሊበላው የሚችል ስንቅ መሆኑ ብዙ ጣጣ አቃለለልን።

ወደ መጫወቻው ከመሄዳችን በፊት አንድ ሙሉ ቀን ኮተቤ አረፍን። በዕለቱ ጠዋት ሁለቱን ትልልቆች ቢጫ ሹራብ አለበስናቸው፣ የለበሱትን ልብስ እንደለበሱ ፎቶ አነሳናቸው፣ ስልክ ቁጥራችንንም በክንዳቸው ውስጠኛ ክፍል ላይ በእስክርቢቶ ጻፍን። የሚጠፋ ልጅ ሲያጋጥም ወላጅ ደንግጦ የልብሱን ቀለም እንኳ ይረሳል፤ ፎቶው ለዚያ ነው። ለልጆቹ ያስተማርናቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከጠፋችሁ ባላችሁበት ቁሙ፣ ልጅ የያዘች እናት ወይም የደንብ ልብስ የለበሰ ሠራተኛ ጥሩ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም ባርኔጣ አልተውንም፤ ትንሿን በነጠላ ጋረድኳት።

ትኬቱን እንደገባን ገዝተን ለእያንዳንዱ ልጅ በእጁ ሰጠነው፤ ለትልቋ አምስት፣ ለወንዱ አራት። «ሲያልቅ አለቀ» ብለን ከቤት ተነጋግረን ነበር። ትልቋ ደብተሯን አውጥታ በጻፈችው ቅደም ተከተል ሄደች። ወንዱ ግን አራቱንም ትኬት በአንዲት በዝግታ በምትዞር የሕፃናት ባቡር ላይ ጨረሰ። የፊተኛው ወንበር ላይ ገመድ ያላት ደወል አለች፤ በእኛ በኩል ባለፈ ቁጥር ሁለት እጆቹን በገመዱ ላይ ጠቅልሎ በሙሉ ሰውነቱ ይጎትታታል፣ ከዚያ ዘወር ብሎ መስማታችንን ያረጋግጣል። ሁለተኛው ዙር ላይ «ሌላም ሞክር እንጂ» ልለው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ባለቤቴ ክንዴን ያዝ አደረገኝ። ያ ደስታ የእሱ ነበር፤ ብዙ ማሳየት እኛ ወላጆች ያወጣነውን ገንዘብ ለማካካስ የምንፈልገው ነገር እንጂ የአራት ዓመት ልጅ ጥያቄ አይደለም። 5 ሰዓት ከሩብ ላይ ወጣን፤ ትንሿ በሩ ሳይደርስ ጀርባዬ ላይ ተኛች።

በሌላ ቀን ጠዋት ደግሞ በመስከረም 2012 ለሕዝብ የተከፈተውን፣ በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ያለውን የአንድነት ፓርክ አየን። እዚያ ለሁለት ተከፈልን፤ ታሪክ የምትወደው ትልቋ ከአባቷ ጋር ወደ አዳራሾቹ ሄደች፣ እኔም ሁለቱን ይዤ ወደ ጥቁር ጎፈሬ አንበሶቹ ሄድኩ። ሁሉንም አንድ ላይ አዳራሽ ለአዳራሽ ብናዞራቸው ኖሮ ማንም ምንም ባላየ ነበር።

ከተመለስን ስምንት ወር ሆነን። በር መቃኑ ላይ የሠራሁትን የእርሳስ ምልክት አላጠፋሁትም፤ ትልቋ በየወሩ መጀመሪያ ራሷ ትለካለች፣ ወንድሟ ደግሞ መጽሐፍ አናቷ ላይ አስተኝቶ ይይዝላታል። ባለፈው ሳምንት ወጥ ቤት ሆኜ ሽንኩርት ስከትፍ ጠራችኝ። ጫማዋን አውልቃ፣ ተረከዟን ከመቃኑ አስጠግታ፣ ትንፋሿን ውጣ ቆማለች። እጄን አድርቄ ሜትሩን ዘረጋሁ፤ 120 ከግማሽ። ከቦታዋ ሳትነቃነቅ ቀና ብላ አየችኝና «እማዬ፣ ጥር ስንት ወር ቀረው?» አለች።