ከማርቆስ እስከ አዲስ አበባ፣ ወገቤን ይዤ

የደረሰኝ ወንበር የመጨረሻው ነው፣ ልክ ከጎማው በላይ። ጊዜው ጥር 2012 ነው፤ ከደብረ ማርቆስ ስንነሣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነበር። ረዳቱን «ወንድሜ፣ ወገቤን ያመኛል፣ እባክህ ጋቢና አስገባኝ» ብዬ ለመንኩት። «ተይዟል» አለኝና በሩን ገጭ አድርጎ ዘጋው።

ልብስ ሰፊ ነኝ። 19 ዓመት ሙሉ በእግር በሚረገጥ ሲንጀር ላይ አጎንብሻለሁ። ሕመሙ የጀመረኝ ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ከወገቤ ይነሣና በቀኝ መቀመጫዬ፣ በባቴ በኩል እስከ ትንሿ የእግሬ ጣት ድረስ ይወርዳል። ወጌሻ አሸኝ። ጸበል ገባሁ። ዲክሎፌናክ የሚሉትን የሕመም ማስታገሻ ስወጋና ስውጥ ሁለት ዓመት አለፈ። በመጨረሻ ባለቤቴ «አዲስ አበባ ሂድና ስፔሻሊስት ይይህ፤ እኔ እያየሁህ ልትቀር ነው» አለችኝ።

እስከ ደጀን ደህና ነበርኩ። ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ስንጀምር ግን ሌላ ሆነ። መሬቱ እየተንሸራተተ አስፋልቱን እንደ ተጨማደደ ጨርቅ አድርጎታል። መኪናው በዘለለ ቁጥር አንድ ነገር ከወገቤ እስከ ጣቴ ይተኩሰኛል። ሌሎቹ ዝንጀሮ ያሳያሉ፣ ጃፓኖች ያሠሩትን ድልድይ በስልክ ያነሣሉ። እኔ የፊት ወንበሩን ብረት በሁለት እጄ ጨብጬ ዓይኔን ጨፍኛለሁ። ጎሐ ጽዮን ላይ ለቁርስ ሲቆም ለመውረድ ሁለት ሰው ደገፈኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ አላስታውሰውም።

ከአዲሱ ገበያ ፒያሳ ለታክሲ 300 ብር ከፈልኩ። የፔንሲዮኑ ዘበኛ «ጋሼ፣ ከመቶ በላይ አይከፈልም እኮ» ሲለኝ አንጀቴ አረረ። የታመመ ሰው ላይ እንዲህ ማድረግ! እኛ ጋ ባጃጅ ነጂ እንኳ ሕመምተኛ ሲያይ «ይማርህ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ሌሊቱ ደግሞ ባሰ። ፍራሹ መሃሉ ጎድጉዶ አላስተኛ ስላለኝ ጋቢዬን መሬት አንጥፌ በጎኔ ተኛሁ።

በማግሥቱ ትልቅ የሚባል የግል ክሊኒክ ገባሁ። ካርድ 400 ብር። ኤምአርአይ የሚሉት የሰውነት ውስጥ ምስል ከ3 ሺህ ብር በላይ። ሦስት ሰዓት ጠብቄ ስገባ ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መብራቱ አነሣው። «ዲስክህ ተንሸራቷል፤ ኦፕራሲዮን ነው» አለኝ። ዲስክ የሚሉት በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያለውን ትራስ መሰል ነገር ነው። አምስት ደቂቃ አልሞላም። እጁ ሰውነቴን አልነካም። እኔ አንድ ሱሪ ለመስፋት ወገብ፣ ዳሌ፣ ቁመት ሳልለካ መቀስ አላነሣም። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ፤ መቀመጥም አልቻልኩም።

አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣጥፈው አግዳሚው ላይ አነጠፉልኝ። «ና ልጄ፣ ጋደም በል፤ ማንም ምንም አይልህም» አሉኝ። እሳቸውም ለእህታቸው ልጅ ነው የመጡት። የሆንኩትን ስነግራቸው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ሳትቆረጥ አንዷን አሳያት» ብለው የአንዲት የነርቭ ሐኪም ስም በካርዴ ጀርባ አስጻፉልኝ። ጠዋት መንግሥት ሆስፒታል ነው የምትሠራው፤ ከ11 ሰዓት በኋላ ትንሽ ክሊኒክ ትገባለች። ስማቸውን እንኳ ሳልጠይቅ ተራቸው ደርሶ ገቡ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ዶክተሯ ጋ ለመድረስ ሁለት ቀን ወረፋ ጠበቅሁ። ስገባ መጀመሪያ ያለችኝ «ሥራዎ ምንድን ነው?» ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን የጠየቀኝ ሐኪም አልነበረም። አስተኛችኝና ቀኝ እግሬን ሳላጥፈው ቀስ አድርጋ አነሣችው፤ ገና ግማሽ ሳይደርስ ጮህኩ። በጥጥና በመርፌ ጫፍ እግሬን እየነካካች የት እንደሚደነዝዘኝ ጠየቀችኝ። በተረከዝ፣ ከዚያ በጣቶቼ ጫፍ አስኬደችኝ። በትንሿ መዶሻ ቁርጭምጭሚቴን ከኋላ ስትመታ ግራው ነጠር አለ፣ ቀኙ ዝም አለ። ያኔ ነው ፊልሙን ያነሣችው።

«ምንም የማያማቸው ሰዎችም ኤምአርአይ ቢነሡ ዲስካቸው ወጣ ብሎ የሚታይባቸው ብዙ ናቸው» አለችኝ። «የእርስዎ ግን ከምርመራው ጋር ይገጥማል። በመጨረሻው የወገብ አጥንት ሥር ያለው ዲስክ ነርቩን ተጭኖታል።» እኔ የነርቭ ሐኪም ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበር። እሷ በመድኃኒት የምታክም መሆኗን፣ ቀዶ የሚሠራው ሌላ መሆኑን አስረዳችኝ። ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልግ ከሆነ ራሷ እንደምትልከኝ ነገረችኝ። ሽንት መቆጣጠር ቢያቅተኝ፣ መቀመጫዬ አካባቢ ቢደነዝዘኝ ወይም እግሬ እየሰነፈ ቢሄድ ግን ወረፋ ሳልል በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል እንድሄድ ሁለት ጊዜ ደገመችልኝ።

ዲክሎፌናኩን አስቆመችኝ፤ ለኩላሊቴ የደም ምርመራ አዘዘች። ማታ ማታ የሚዋጥ የነርቭ መድኃኒትና ፊዚዮቴራፒ ጻፈችልኝ። ከዚያ ወንበሯን ስባ «እስቲ ማሽንዎ ላይ እንዴት እንደሚቀመጡ ያሳዩኝ» አለችኝ። አጎንብሼ አሳየኋት። እንባዬ መጣ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ስመለስ ጋቢና በቀን ቀድሜ ያዝኩ። ጎሐ ጽዮንና ደጀን ላይ ወርጄ ወዲያ ወዲህ አልኩ።

ከደረስኩ በኋላ አናጢው ጎረቤቴ ከማሽኑ እግሮች ሥር እንጨት ገብቶበት ከፍ እንዲል አደረገልኝ። ወንበሬንም አብሮ አስረዘመው። በየአርባ ደቂቃው ስልኬ ይጮኻል፤ እነሣና እስከ በሩ ደርሼ እመለሳለሁ። ሕመሙ አልጠፋም። ግን ሌሊት ሳይቀሰቅሰኝ የነጋባቸው ቀኖች አሉ። ለመጋቢት ቀጠሮ ሰጥታኛለች፤ የኩላሊቱን ውጤት ይዤ እሄዳለሁ።